ለሐዘንተኛ ዋጋ ሲነገር

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ማታ ቢያርፍ፣ ከሩቅ አገር የሚጠበቅ ልጅ ወይም ወንድም ከሌለ በቀር፣ ቀብሩ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ይፈጸማል። የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሳጥን ይገዛል፣ ለካህናቱ ይነገራል፤ አበባው የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አበባ እንዲያመጣ የሚላከውም ከቤተሰቡ መካከል ቀልጠፍ ያለ አንድ ወጣት ወይም ከመሥሪያ ቤቱ መዋጮ የሰበሰበ ባልደረባ ነው። ይህ ሰው ወደ አበባ ሱቅ ሲገባ እንቅልፍ አላገኘም፤ ሌላ ሱቅ ዞሮ ለማወዳደር ጊዜ የለውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሟች ስም ዋጋ መከራከር ነውር ሆኖ ይሰማዋል። መርካቶ ውስጥ ለአንድ ሸሚዝ ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው፣ ለእናቱ የቀብር ጉንጉን ሲሆን የተጠራለትን ዋጋ ዝም ብሎ ይከፍላል።

እኔ በዚህ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ስለ ቀብር አበባ ዋጋ ያለኝ አቋም የሚነሣውም ከዚህ ዝምታ ነው። ገዢው የማይከራከር ከሆነ፣ ስለ ገዢው ሆኖ የመከራከሩ ግዴታ በሻጩ ላይ ይወድቃል ብዬ አምናለሁ። ይህም ማለት ደንበኛው ከመምጣቱ በፊት፣ ፊቱንም ልብሱንም ሳናይ፣ እያንዳንዱ ጉንጉን የሚያወጣው ዋጋ ተሰልቶ ከፎቶው ሥር ተጽፎ መቀመጥ አለበት ማለት ነው። የሰው ሁኔታ ታይቶ የሚጠራ ዋጋ በማንኛውም ንግድ ቅር ያሰኛል፤ በቀብር አበባ ላይ ግን ሐዘንን መሸጥ ይሆናል።

በቅድሚያ ስለ ጥያቄው ልናገር። «ምን ያህል ገንዘብ መድባችኋል?» ብሎ መጠየቅ በሠርግ አበባ ላይ ተገቢ ነው፤ ሙሽሮቹ በጀታቸውን ለወራት ሲያስቡበት ቆይተዋልና። በቀብር ግን ይህ ጥያቄ ሰውን ያስጨንቃል። አነስተኛ ቁጥር ቢናገር ሟችን ያሳነሰ ይመስለዋል፤ አብሮት የመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ይናገራል። ስለዚህ እኔ አልጠይቅም፤ የፎቶ አልበሙን ከነዋጋው አቀርብለትና ገለጥ ገለጥ አድርጎ እንዲያይ እተወዋለሁ። የአልበሙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ትንሹ ሥራ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው በመጀመሪያ ያየውን እንደ ወጉ አድርጎ ስለሚወስድ፣ ትልቁ በፊት ከታየው ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ጉድለት ይመስለዋል፤ ትንሹ በፊት ከታየው ግን ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በፈቃድ የሚጨመር ይሆናል። ይህን ቅደም ተከተል ስጀምር ገቢዬ እንደሚቀንስ አውቄ ነው፤ እስከ ዛሬም አልለወጥሁትም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለማሳያ ያህል የተወሰዱ እንጂ የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደሉም። በእግር ላይ የሚቆም መካከለኛ ክብ ጉንጉን 60 ነጭ ጽጌረዳ ይፈልጋል እንበል። አንዱ ዘንግ 20 ብር ቢሆን አበባው 1,200 ብር ይመስላል፤ ነገር ግን ከሚገዛው መካከል አንገቱ የተሰበረ፣ ቅጠሉ የጠቆረ፣ ውኃ ያልሳበ አይጠፋም፤ ስለዚህ 60 ጥሩ አበባ ለማግኘት 70 መግዛት ያስፈልጋልና እውነተኛው ወጪ 1,400 ብር ነው። ለቅጠል 200፣ ለክቡ መሠረትና ለፎሙ (ውኃ ይዞ አበባው ለሚሰካበት ስፖንጅ መሰል ዕቃ) 500፣ ጽሑፍ ለሚታተምበት ሪባን 150፣ ለሚመለሰው የብረት እግር 100፣ ለሠራተኛ 400፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ለማድረስ 350 ብር ስንጨምርበት ድምሩ 3,100 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ ለሱቅ ኪራይ፣ ለማቀዝቀዣው መብራትና ለትርፍ በአንድነት 30 በመቶ ቢታሰብ 4,030 ብር ይደርሳል፤ ሱቁ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነም 15 በመቶው ተደምሮ ደንበኛው የሚከፍለው 4,634 ብር ከ50 ሳንቲም ነው።

ግማሹን ያህል ገንዘብ ብቻ የያዘ ሰው ሲመጣ ብዙ ሻጮች «እንግዲያው መጠኑን በግማሽ እናድርገው» ይላሉ። ስሌቱን ለሚያውቅ ሰው ይህ መልስ አይሠራም፤ የመጠኑ መቀነስ አበባውን ይቀንሳል እንጂ ሪባኑንና መጓጓዣውን አይቀንስምና። ከ60 ጽጌረዳ ይልቅ 20 ጽጌረዳና 14 ዘንግ ክሪሳንተመም ያለበት ትንሽ ጉንጉን እንሥራ። የሚባክነውን ጨምረን 23 ጽጌረዳ በ460፣ 16 ክሪሳንተመም በ15 ብር ሒሳብ በ240፣ በአንድነት 700 ብር ነው። ቅጠል 200፣ መሠረት 250፣ ሪባን 150፣ ሥራ 250፣ መጓጓዣ 350 ሲደመር 1,900 ብር ይመጣል፤ 30 በመቶውና ታክሱ ሲጨመር ደግሞ 2,840 ብር ከ50 ሳንቲም። አበባው በግማሽ ቀንሶ ዋጋው ግን ከግማሽ በላይ ነው። ደንበኛው ወይም ወንድሙ መጥቶ ጉንጉኑን ራሱ ቢወስድ ግን 2,317 ብር ገደማ ይበቃዋል። ይህን ነገር ለደንበኛው በግልጽ መንገር አስፈላጊ ነው፤ ሚኒባስ ተኮናትረው ወደ ለቅሶ የሚሄዱ የሥራ ባልደረቦች በሱቃችን በር ላይ እያለፉ፣ እኛ ደግሞ ለብቻው መኪና ልከን 350 ብር የምናስከፍልበት ምክንያት የለም።

በውጭ አገር፣ በተለይ በአሜሪካ፣ የሙያው ሰዎች አበባውን በጅምላ ከገዙበት ዋጋ ሦስት እጥፍ ገደማ፣ ፎሙንና ሪባኑን የመሰለውን ዕቃ ደግሞ ሁለት እጥፍ አስበው፣ የእጅ ዋጋ ጨምረው መሸጥ የቆየ ልማዳቸው ነው። ቀላልና ፈጣን ስለሆነ እዚህም የሚከተሉት አሉ። እኔ ግን ለቀብር አበባ አልቀበለውም፤ የአበባው የጅምላ ዋጋ በ10 ብር በጨመረ ቁጥር ሐዘንተኛው 30 ብር ይጨምራል፤ በዚያ ቀን ግን ሠራተኛዬ ከወትሮው የበለጠ አልደከመም፣ የሱቁም ኪራይ አልጨመረም። የማብዛት ሕግ በውድ ቀን የሻጩን ትርፍ ብቻ ያሳድጋል። ወጪን አንድ በአንድ መደመር አሰልቺ ቢሆንም፣ ደንበኛው «ለምን ይህን ያህል?» ብሎ ቢጠይቅ ወረቀቱን ዘርግቶ ለማሳየት ያስችላል።

ይልቁንስ ዋጋው በትክክል የሚቀንስበት ቦታ አበባው የሚገዛበት ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር። በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ ያሉት እርሻዎች በዋናነት የሚያመርቱት ለውጭ ገበያ ሲሆን፣ አብዛኛው ጽጌረዳ ወደ ኔዘርላንድስ ይሄዳል። በዚያ ገበያ ጽጌረዳ የሚመደበው በዘንጉ ርዝመት ነው፤ 40፣ 50፣ 60፣ 70 ሴንቲ ሜትር እየተባለ፣ ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። እንደ ሆለታ ባለ ደጋ የሚበቅለው ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ዘንጉ ረዥም፣ ራሱም ትልቅ ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ሙቀት በዝዋይ የሚበቅለው ደግሞ አጠር ያለና አነስ ያለ ራስ ያለው ነው። ጉንጉን ስንሠራ ግን ዘንጉን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አድርገን ቆርጠን ፎሙ ላይ እንሰካዋለን፤ የቀረው ወደ ቆሻሻ ይጣላል። ስለዚህ ለጉንጉን 70 ሴንቲ ሜትር ጽጌረዳ ገዝቶ የዚያን ዋጋ በሐዘንተኛው ላይ መጫን ከንቱ ነው። አጭሩ ዘንግ ለዚህ ሥራ ምንም አያንሰውም፤ ክቡ ላይ ከተሰካ በኋላ እኔም ብሆን ለይቼ አላውቀውም።

ሌላው ስለ መከፈት ነው። ለውጭ የሚላከው ጽጌረዳ ቀናት የሚፈጅ መንገድ ስለሚጠብቀው እምቡጡ ጥብቅ ሆኖ መቆረጥ አለበት፤ ትንሽ ከተከፈተ ከጭነት ይወጣል። ቀብር ግን ነገ ነው። ለነገ የሚፈለገው በደንብ የተከፈተ፣ ፊቱ የሞላ አበባ ነው፤ አንዱ የተከፈተ ጽጌረዳ ከአንድ እምቡጥ ይልቅ ሰፊ ቦታ ይሸፍናልና 60 የታሰበው ጉንጉን በ40 ሊሞላ ይችላል። የተከፈተ ማለት ያረጀ ማለት እንዳልሆነ ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ከመግዛቴ በፊት የአበባውን ሥር፣ ማለትም ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበትን ወፍራም ክፍል በሁለት ጣት ጫን አድርጌ አያለሁ፤ ጠንከር ካለ አበባው ትኩስ ነው፣ ልል ከሆነና የውጭው ቅጠል ጠርዙ ከቡኒ ጋር ከተቀላቀለ በስጦታ ቢሰጡኝም አልወስደውም። የዋጋ ልዩነት በመጠንና በዓይነት ሊመጣ ይችላል፤ በትኩስነት ግን ሊመጣ አይገባም። ትንሹን የገዛ ሰው የትላንትናውን የሚያገኝ ከሆነ፣ ዝቅተኛ ዋጋ አቀረብንለት ማለት ሳይሆን ድህነቱን በአደባባይ አሳየንበት ማለት ነው።

በእጅ ሥራውም ላይ እንዲሁ ነው። ፎሙ ውኃ የሚጠጣው በራሱ ጊዜ ነው፤ በሰፊ ገበቴ ውኃ ላይ ሲያስቀምጡት መጀመሪያ ይንሳፈፋል፣ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ ከዚያም ራሱ ይሰጥማል። የተቻኮለ ሠራተኛ በእጁ ከደፈቀው ላዩ ይርስና መካከሉ አየር ይዞ ደረቅ ይቀራል፤ እዚያ ላይ የተሰካ አበባ ሌሊቱን ደኅና አድሮ ልክ ፍትሐት ላይ ሲደርስ አንገቱን ይደፋል። ይህ ጥንቃቄ ጊዜ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለትንሹም ለትልቁም ጉንጉን እኩል ይገባል።

ፎሙ ራሱ ግን ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ የሳቲን ሪባኑም እንደዚሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ ከአበባው ይልቅ የጉንጉኑን ዋጋ ወደ ላይ ሲገፋ ቆይቷል። ለዚህ ነው አነስተኛ ገንዘብ ለያዙ ደንበኞች መሠረቱን ከቀርከሃና ከሽቦ ሠርቼ፣ አበባውን በጥቅጥቅ ጽድና በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ በክር የማስረው። ክሪሳንተመምና ካርኔሽን ጠንካሮች ናቸው፤ ሌሊት ዘንጋቸው ውኃ ውስጥ ካደረና ጠዋት ከታሰሩ እስከ ማታ ያለ ፎም ይቆያሉ። ጽጌረዳ ግን ይህን አይችልምና በዚህ ሥራ ላይ ጥቂት ካስገባሁ እያንዳንዱን ጫፉን በእርጥብ ጥጥ እጠቀልለዋለሁ። የባሕር ዛፍ ግራጫ አረንጓዴ ቅጠል ከነጭ አበባ ጋር ሲሆን እጅግ ያማረ ነው፤ ከፎሙ ጉንጉን ይልቅ ይህንን ወደው ያዘዙ፣ ገንዘብ ያልቸገራቸው ደንበኞችም አሉኝ።

ወቅቱም ዋጋውን ይለዋውጣል። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ነጭ አበባ ይወደዳል። የካቲት 7 አካባቢ ደግሞ የፍቅረኞች ቀን ስለሚውል እርሻዎቹ ያላቸውን ሁሉ ወደ ውጭ ይጭናሉ፤ ያ ሳይበርድ የካቲት 12 ይደርስና በስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ሥር ለሚቀመጠው የአበባ ጉንጉን መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት ያዛሉ። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ስለሚቆም አበባ ይረክሳል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ በጽጌረዳ ላይ ግራጫ ሻጋታ ስለሚያመጣ የሚጣለው ይበዛል፣ ነጩ ላይም ነጠብጣቡ ወዲያው ይታያል። ሞት ግን ወቅት አይመርጥም። ስለዚህ የቀብር ዋጋዬን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እተምነዋለሁ፤ በሁዳዴ የሚተርፈኝ በጥር የሚጎድለኝን ይሸፍናል። በጥር ያረፈ ሰው ቤተሰብ የሙሽሮችን ፉክክር የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከመሥሪያ ቤት የሚመጡት የራሳቸው ችግር አለባቸው። የግዥ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል፣ ቀብሩ ግን ነገ 6 ሰዓት ነው። መጨረሻ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ባልደረቦች ከኪሳቸው ማዋጣት ነው፤ ስም ዝርዝሩንና ፖስታውን ይዞ የሚመጣው ሰው ከዚያው ገንዘብ ላይ ለአበባ ከፍሎ የተረፈውን ለቤተሰቡ ይሰጣል። እንዲህ መሆኑን ሳውቅ ትልቁን እንዳያዝዙ በግልጽ እመክራለሁ። አባወራውን ላጣ ቤት በእግር የሚቆም ጉንጉንና በእጅ የሚያዝ ጉንጉን ልዩነት የለውም፤ በፖስታው ውስጥ የሚተርፈው ሁለት ሺህ ብር ግን ልዩነት አለው። ሟቹ ሙስሊም ሲሆን ደግሞ በቀብሩ ላይ የአበባ ጉንጉን የተለመደ ስላልሆነ፣ ይህን ሳያውቁ የመጡትን ባልደረቦች ገንዘቡን ለቤተሰቡ እንዲያደርሱት ነግሬ እመልሳለሁ። ይህን ሽያጭ ማጣት ተገቢ ነው።

በጣም የምጠነቀቅለት ግን ከባሕር ማዶ የሚያዝዝ ሰው ነው። ከዐረብ አገር አንዲት ልጅ በኢሞ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ እናቷ አርፋለች፣ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም፣ ቢለቅቋትም ለቀብሩ አትደርስም። «እህቴ፣ ትልቁን ሥሪልኝ፣ የፈለገ ይሁን» ትላለች። «የፈለገ ይሁን» የሚለው ቃል በነጋዴ ጆሮ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ ቃል በስተጀርባ ግን ብዙ ዕዳ አለ፤ ደላላው ገና ያልተከፈለው ሊሆን ይችላል፣ ለቀብሩና ለአርባው ወጪም ገና ከእርሷ ይጠበቃል። እንዲህ ላለችው ልጅ የማቀርብላት ከሳጥኑ ላይ የሚያርፈውን ነው። ርዝመቱ አንድ ክንድ ያህል፣ ከ15 ያልበለጠ የተከፈተ ጽጌረዳና ብዙ ቅጠል ያለው ሲሆን፣ ሪባኑ ላይ የሚጻፈውም የእርሷ ቃል ነው፤ «ለእማዬ፣ ልጅሽ» እና ስሟ። ትልቁ ጉንጉን ከአጥሩ ሥር ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ ይቆማል፤ ይህ ግን ከቤት እስከ መቃብሩ አፍ ከእናቷ ጋር ይሄዳል። ሲሠራ አንድ ፎቶ፣ ሳጥኑ ላይ ሆኖ ሌላ ፎቶ እልክላታለሁ። ዋጋውም ሰፈር ውስጥ ላለው ደንበኛ የተጻፈው ያው ዋጋ ነው፤ በዶላርም ተከፈለ በሪያል የውጭ አገር ዋጋ የሚባል ነገር የለኝም።

ምንም የሌለውም ይመጣል። ለእርሱ መጀመሪያ የምነግረው እውነቱን ነው፤ ሥርዓተ ቀብሩ ያለ አበባ ይፈጸማል፣ አበባ ባለመኖሩ ፍትሐት አይቀርም። ከዚያ ወዲያ ግን አበባ ከፈለገ ፈለገ ነው፤ ለዚህ ብዬ ከእያንዳንዱ ትልቅ ጉንጉን ትርፍ ላይ ጥቂት ለይቼ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ገንዘብ ነጭ እቅፍ ይሠራለታል። ከዚህ እቅፍ ላይ ሪባኑን አላስቀርም፤ የሟቹ ስም ይጻፍበታል።

የአርባ፣ የሙት ዓመትና የሐውልት ምረቃ አበባ ዋጋ ከዚህ የተለየ ነው፤ ቀኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ አበባውን በረከሰበት ዕለት ገዝቶ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ይቻላል። ከአምስት ቀን በፊት የነገረኝ ደንበኛ ከተጻፈው ዋጋ ላይ 10 በመቶ ይቀነስለታል። ለማዘዝ ሲመጡ የሚፈለገው የሟቹ ሙሉ ስም ከነአጻጻፉ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ሰዓቱ፣ እንዲሁም ጉንጉኑን የሚረከበው ሰው ስልክ ብቻ ነው።